ለጀማል የመሰከርንለት ቀን

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤታችን አዲስ የማኅተም ቀለም ገዛ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው እኔ ድረስ መጣ፤ ስፒሪት ስፒሪት የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። ፊቴ ባለጉዳዮች ተቀምጠው ነበር። «ትንሽ ታገሡኝ» ብዬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የቆምኩት ኮምቦልቻ ነው፤ የታየችኝ ግን ከሚሴ ነበረች። የዛሬዋ ከሚሴ አይደለችም። ባጃጅ ያልገባባት፣ ሰው በጋሪ የሚሄድባት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት የቀሩባት ከሚሴ ናት።

ያን ጊዜ የአዲስ አበባና የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ ሲቆሙ ሴቶች ማንጎና ፓፓያ በሳፋ ይዘው ከመስኮት መስኮት ይሮጡ ነበር። አምስት ማንጎ በአንድ ብር ነው፤ ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ደግሞ ስድስት ይሆናል። መናኸሪያው ጥግ ካሴት ቤት ነበረ፤ ጠዋት መንዙማ፣ ከቀትር በኋላ የኦሮምኛ ዘፈን ያሰማል። ወንዶቹ ከሽርጥ በላይ የኳስ ተጫዋች ማልያ ይለብሳሉ። እኛ ልጃገረዶቹ ሰኞን እንጠብቃለን፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ ከጅቡቲ የገባው ስስ ሻርፕ በዚያ ይመጣል። አንዱ አሥራ ሁለት ብር ነበር። አረንጓዴ ገዝቼ፣ ሰው ያየኛል ብዬ ሳልለብሰው ስንት ጊዜ እንደከረምኩ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ ፍጥነት እጨምራለሁ።

የአጎቴ የጽሕፈት አገልግሎት ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ሦስተኛው በር ነበር። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ አለው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የእኔ እጅ አለ። «ጄኔሬተር ምን ያደርግልኛል? ከድጃ አለችኝ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሃምሳ ሳንቲም፣ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ሁለት ብር። በሕግ ተመርቄ እዚያ መቀመጤ ብዙ ሰው ይገርመው ነበር። ፍርድ ቤት ቆሜ መናገር አልችልም ነበር። ሰው ሲያየኝ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ወረቀት ላይ ግን አይጠፋኝም፤ ጽሕፈቴም ያምር ነበር። ስለዚህ የሰፈሩ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ውክልና፣ አቤቱታ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል።

መምህር ጀማል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው ነው። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅሎ የሚያስቅ ሰው ነበር። ጥያቄ ጠይቆኝ ተነሥቼ ስንቀጠቀጥ ካየ በኋላ ዳግመኛ አስነሥቶኝ አያውቅም። መልሴን በብጣሽ ወረቀት እጽፋለሁ፤ እየተዘዋወረ ሲያልፍ ይወስደውና ራሱ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። «ከድጃ እንዲህ ትላለች» ይላል። ክፍሉ በሙሉ እኔ የተናገርኩ ይመስለው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ተረበሸ። የረብሻው ምክንያት ምን እንደነበር ዛሬ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ይናገራል። ጀማልን የቀበሌ ሰዎች የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ስጥ አሉት፣ አልሰጥም አለ፣ ወሰዱት። ሲመለስ ጫማ ማድረግ አይችልም ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር እንደዚያ የተቆለፈ ሸሚዝ ለብሶ በነጠላ ጫማ አስተማረ። ተማሪዎቹ ወደ እግሩ እንዳያዩ ይጠነቀቁ ነበር ይባላል። እንደገና ሲጠራ ግን አልቀረበም። በአንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ተቀላቀለ፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ተሻገረ የሚል ወሬ ብቻ ሰማን።

ከሁለት ዓመት በኋላ እህቱ ሰአዳ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ወደ ሱቃችን መጣች። ጀማል ደውሏል፤ አንድ የአውሮፓ አገር ገብቶ ጥገኝነት ጠይቋል።

«ወረቀት ላኪልኝ አለ» አለችኝ። «ማን እንደሆንኩ፣ እዚያ ምን እንደደረሰብኝ የሚያስረዳ ነገር ከአገር ቤት ያስፈልጋል አለ። ማደሪያው ስለሚቀያየር ለጠበቃዬ ይላክ ብሏል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእማ ነገርኳት። እማ ደግሞ ለሽማግሎቹ ነገረች።»

እዚህ ላይ የሽማግሎቹን አስተሳሰብ መናገር አለብኝ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩምና። በእኛ አገር ሰው ከመንግሥት ጋር ሲጣላ ከጎረቤቱ ጋር እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ይለምናል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቂም ይቀራል። እነሱም ለጀማል ይህን አድርገው ነበር። ቀበሌ ድረስ ሄደው፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ሊቀ መንበሩን ይቅር አሰኝተው ነበር። ደብዳቤው የዚህ ድካም ፍሬ እንዲሆን ፈለጉ።

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ እማ ሐዋ፣ የጀማል እናት፣ ቤት ተጠራሁ። ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ሽማግሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሊቀ መንበሩ ከማኅተሙና ከቀለሙ ጋር በመካከላቸው ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ሴት፤ እማ ሐዋ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ ሸኽ ሙሔ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ የሁሉም ታላቅ እሳቸው ነበሩ። «ነይ ቅረቢ። አስተምረን ያመጣናት ሕግ አዋቂ ይችው ናት።»

«አፏ የት ሄደ እንጂ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

«አፍ ምን ያደርጋል? እጇን አላየህም?» አሉ ሸኽ ሙሔ። «ስሙኝማ። ሰው ደጅህ መጥቶ አስጠጋኝ ሲልህ መጀመሪያ ምን ትለዋለህ? የማን ልጅ ነህ፣ ማን ያውቅሃል ትለዋለህ። ፈረንጅም ሰው ነው፤ ይህንኑ ይጠይቃል። ከአገሩ ሁሉ የተጣላ ሰው ነው ካልነው ማን ቤቱ ያስገባዋል?»

«ፈረንጅ ግን ማኅተም ካላየ አያምንም አሉ» አለ ሌላው።

«አንተስ በሬ ስትገዛ ጥርሱን ሳታይ አምነህ ታውቃለህ?» አሉት ሸኽ ሙሔ።

እንደገና ሳቁ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ። «እኛ በበኩላችን ከልጁ ጋር ምንም የለንም» አለ። «ወጣትነት ነው። ነገ ቢመጣ ያስተምራል። እንደዚያ በይና ጻፊ፤ ቂም የለንም በይ።»

«ጠባዩን ጻፊልኝ ልጄ» አሉ እማ ሐዋ ከበሩ። «እንደማይሰርቅ፣ ሰው እንደማይነካ። እንግዳ አገር ነው፣ አያውቁትም።»

ሸኽ ሙሔ ከዚያ የሐበሻውን ንጉሥ ታሪክ አነሡ። ሰሓባዎቹ፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ ከመካ ሸሽተው ባሕር ተሻግረው ሲመጡ ንጉሡ ፊት ቆመው ስለ ራሳቸው መልካሙን ተናገሩ፤ ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም። «መልካም ምስክር ነው ያስጠጋቸው» አሉ። እኔ ግን የዚያኑ ታሪክ ሌላ ግማሽ እያሰብኩ ነበር። አሳዳጆቹ ስጦታ ይዘው እዚያው ንጉሡ ፊት መጥተው፣ መልስልን ብለው ለምነዋል። ንጉሡ አደጋውን በዓይኑ አይቷል። የጀማልን አደጋ ግን ማን ያየዋል? እኛ የለም ብለን ልንፈርም ነው።

ይህን የማውቀው ከታሪኩ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ስደተኞች የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተምሬዋለሁ፤ ከሁሉም ትምህርት የወደድኩት እሱን ነበር። ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በአገሩ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት የሚሰጋና አገሩም የማይጠብቀው ሰው ነው። እንደዚያ ያለውን ሰው ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስ ክልክል ነው። ሌላው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ሕጉ የጥሩ ሰውና የመጥፎ ሰው ሚዛን ይዞ በር ላይ አይቆምም። ብትመለስ ምን ይደርስብሃል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሽማግሎቹ በር ላይ የቆመውን እንግዳ ዘመዱ ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕጉ ደግሞ የሸሸኸው ማንን ነው ይላል።

እስክሪብቶውን ይዤ ስቀመጥ ይህ ሁሉ በአእምሮዬ ተደርድሮ ነበር። ሊቀ መንበሩ ባለበት «አስራችሁታል፣ መትታችሁታል ብላችሁ ጻፉ» ማለት አይቻልም፤ ያን ጊዜም አልቻልኩም፣ ዛሬም ቢሆን እንጃ። ግን «ሸኽ፣ ይህ ወረቀት ይቆይ፣ የጀማልን ጠበቃ እንጠይቅ» ማለት ይቻል ነበር። ያንን ያህል ብቻ።

«ሸኽ…» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ አምስት ሰው ይሆናል።

«አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ ተናገሪ» አሉኝ በርኅራኄ።

«ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ?» አልኩ።

«በሁለቱም አድርጊው!» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ሳቁና ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ።

መምህር ጀማል በቀበሌያችን ተወልዶ ያደገ፣ ከማንም ጋር ጠብና ቂም የሌለው፣ በአካባቢው አስተዳደር ዘንድ የተመሰገነ፣ ወደ አገሩ ቢመለስ አንዳች ክፉ ነገር የማይደርስበት መሆኑን እንመሰክራለን፤ ብዬ ጻፍኩ። «የማይደርስበት» የሚለውን ቃል ሳልሰርዝ ሳልደልዝ ጻፍኩት። ጽሕፈቱ ከወትሮው ያማረ ነበር። የሚፈርመው ፈረመ፣ የማይጽፈው ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነ። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አተመበት።

ለሰአዳ ነገ እነግራታለሁ፣ አትላኪው እላታለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ጁምዓ ነበር፣ ሱቁ ሰው በዛበት። ቅዳሜ ስሄድ እሷ በጠዋት ኮምቦልቻ ፖስታ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። «ፈጠንኩ አይደል?» አለችኝ ደስ ብሏት።

የሆነውን በኋላ ከሰአዳ ሰማሁት። የጀማል ጠበቃ አማርኛ የማታነብ ሴት ናት። ቀጠሮው ቀርቦ ነበርና፣ ይህን ሁሉ ማኅተምና የጣት አሻራ ስታይ ትልቅ ማስረጃ መስሏት ሳታስተረጉም ከመዝገቡ ጋር አስገባችው። አስተርጓሚው ጉዳዩን ለሚሰማው ሰው ሲያነብለት ጀማል እዚያው ተቀምጧል። የገዛ ሰፈርህ ሰዎች ምንም አይደርስበትም ብለዋል፤ የምትሸሸው ማንን ነው? ተባለ። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ይግባኝ ግን ነበረው።

«አንድ ሰው ደብዳቤው እንዴት እንደተጻፈ ቢያስረዳልኝ ጠበቃዋ ታቀርበዋለች አለ» አለችኝ ሰአዳ። «ለእማ እንዳትነግሪ ብሎኛል። ለእሷ ደውሎ ወረቀቱ ደረሰኝ፣ በሱ ተቀበሉኝ ብሏታል።»

በአሥር ብር ሚኒባስ ኮምቦልቻ ሄድኩ፤ ከሚሴ ቢሆን ሰው በትከሻዬ አሻግሮ ያነብብብኛል። ኢንተርኔት ቤቱ ጥግ ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ሁሉንም ጻፍኩት፤ ስለ እግሩ፣ ስለ ነጠላ ጫማው፣ ይቅርታው እንዴት እንደተለመነ፣ ማኅተሙ የማን እጅ ውስጥ እንደነበር። በመጨረሻ «የሰፈሩ ነዋሪ» ብዬ ላክሁት። ጠበቃዋ በማግስቱ መለሰች። ስም የሌለው ምስክርነት አይቀበሉም፤ ሙሉ ስምሽንና የመታወቂያሽን ቅጂ ላኪልኝ፣ ጥገኝነት ጠያቂው የሰጠው ማስረጃ ለሸሸው መንግሥት አይተላለፍም፣ አትፍሪ አለችኝ። ይህንንም ፈተና ላይ ጽፌው አውቃለሁ። ፈተና ላይ አምኜው ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። የእኛን ቀበሌ መታወቂያ ከኪሴ አውጥቼ አያለሁ፣ እመልሰዋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄጄ ስሜን ጽፌ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር። ጀማል ከማደሪያው ወጥቷል፤ እንዳይመልሱት ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም፤ የት እንዳለ አላውቅም፤ እሱ ሳይኖር ጉዳዩን ልቀጥልበት አልችልም ይላል። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ሰአዳም ብዙ ሳትቆይ ለሥራ ወደ አረብ አገር ሄደች።

ዓመታት አለፉ። ጋሪዎቹ ጠፍተው ባጃጅ ሞላ፣ ማንጎው በኪሎ ሆነ፣ እኔም ኮምቦልቻ ለድሆች ነጻ የሕግ ምክር በሚሰጥ ቢሮ ተቀጠርኩ፤ ለባለጉዳዮች እጽፋለሁ፣ ሌሎች ይከራከራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሴ ስመጣ እማ ሐዋ መንገድ ላይ ይይዙኛል። «አከም ነጉማ ልጄ» ብለው ደህንነቴን ይጠይቃሉ፣ ሁለት እጃቸውን ከፍተው ረጅም ዱዓ ያደርጉልኛል። «ይችን እጅ አላህ ይጠብቃት። ልጄን አገር ያስገባች እጅ ናት።» ለምን እንደማይደውል ሰው ሲጠይቃቸው «ሥራ በዝቶበት ነው፤ አገር የተቀበለው ሰው ሥራ ይበዛበታል» ይላሉ። እኔ አሚን እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት አሚን ብያለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ኢድ ካለፈ በኋላ፣ እማ ሐዋ ጎረቤታቸውን ዘሃራን ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። የዘሃራ ልጅ ከአረብ አገር ወጥታ ሌላ አገር ጥገኝነት ጠይቃለች።

«ለጀማል እንደጻፍሽለት ጻፊላት» አሉኝ እማ ሐዋ። «ጨዋ ናት፣ ከማንም ጠብ የላትም በይ።»

ወደ ዘሃራ ዞርኩ። «እውነት ከማንም ጠብ የላትም?»

«እንዴት የላትም!» አለች ዘሃራ። «የሞተው ባሏ ወንድም እኔ ነኝ የምወርሳት፣ አላገባህም ካለችኝ እቀብራታለሁ ብሎ ሜንጫ ይዞ ደጄ ላይ ሲመላለስ አልከረመም? ቀበሌ ብንሄድ የቤተሰብ ነገር ነው፣ ተስማሙ አሉን።»

«እሱን ነው የምንጽፈው» አልኳት።

«ምን?» አሉ እማ ሐዋ። «የቤት ገመና ለፈረንጅ ይጻፋል? ለጀማል እንዲህ አልጻፍሽም።»

ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ቢሆንም እንደዚያ ሐሙስ ሌላ ነገር ልጠይቅ ዳዳኝ።

«ለጀማል የጻፍኩት አልጠቀመውም፣ እማ ሐዋ።»

«በሱ ተቀበሉኝ ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እንዳይጨነቁ ብሎ ነው። በሱ ነው ጥያቄውን ውድቅ ያደረጉበት። ምንም አይደርስበትም ብለን ብንፈርም፣ እንግዲያው ሂድ አሉት። ከዚያ ጠፋ።»

ዘሃራ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። እማ ሐዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና?»

«ሰው ሞልቶ ነበር። አፈርኩ።»

«አፈርሽ» አሉ። የነገርኳቸውን ቃል ብቻ፣ ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ተነሥተው ዘሃራን «የጠየቀችሽን ሁሉ ንገሪያት፤ ሜንጫውንም» ብለዋት ወጡ።

የዘሃራን ልጅ ደብዳቤ በስሜ ፈርሜ ላክሁት፤ መልሱ ገና ነው። እማ ሐዋ ለሦስት ሳምንት አልታዩኝም። በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ኮምቦልቻ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ከከሚሴ ብቻቸውን በሚኒባስ መጥተዋል። ወንበር ስስብላቸው ዱዓ አላደረጉልኝም።

«ያን ቀን መጻፍ የነበረበትን አሁን ጻፊ» አሉኝ።

«ለማን ብዬ?»

«አንቺ ጻፊ።»

ተናገሩ፣ ጻፍኩ። በስንት ሰዓት እንደወሰዱት፣ የትኛውን ሸሚዝ ለብሶ እንደነበር፣ ሲመለስ እግሩን በሞቀ ውሃና በጨው ያጠቡት እሳቸው እንደሆኑ፣ ውስጥ እግሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ ያመዋል ብለው እሳቸው ሲያለቅሱ እሱ እንዴት እንደቀለደባቸው። ይህን ሁሉ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ሦስት ገጽ ሞላ። መጨረሻው ላይ ምን ልበል ስላቸው ትንሽ አሰቡ።

«አትመልሱት በያቸው።»

ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሁሉ ሰሙ። እማ ሐዋ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ እንደሚችል ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አጠፉት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«የት ትልኪዋለሽ?»

ፖስታ አወጣሁ፤ ላዩ ላይ የሚጻፍ አድራሻ ግን አልነበረም።

«እንግዲያው አንቺ ጋ ይቀመጥ» አሉ፣ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። «የጠየቀ ሰው ከመጣ፣ እናቱ ተናግራለች በይ።»

መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እስካሁን የጠየቀ የለም።